አሥራ አራተኛው ዓይነት

አቃቂ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡምሀኒ ሙሀመድሁሴን፣
ጅማ

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ወርቅነሽ ሰላም ብላሻለች።

አዎ፣ ማይክሮስኮፑ በደህና ደርሷል። ወንድምሽ ሙዓዊያ ከአውቶቡሱ ላይ አቅፎ ነው ያወረደው። «ጋሼ፣ አሥር ዓመት ስነዳ እንዲህ የተንከባከብኩት ተሳፋሪ የለም፤ ሆኖም ሂሳብ አልከፈለም» አለኝ። መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ለጥያቄሽ መልሴ እሺ ነው። እንደገባኝ ልጻፈውና ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ሬቲና የምትይው በበጉ ዓይን ውስጥ በስተኋላ የተለጠፈች፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ሽፋን ናት። በውስጧ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በቅርንጫፋቸው ይለያያሉ። አንዱ እንደ ግራር ይንሰራፋል፣ አንዱ እንደ ጽድ ይሰበሰባል። የብር ቀለሙ ከመቶው አንዱን ብቻ ያጠቁረዋል። አንቺ ስላይዱን ታዘጋጃለሽ፤ እኔ የጠቆረውን ሕዋስ ከነቅርንጫፉ እስላለሁ፤ አንቺ ስዕሉን አይተሽ ዓይነት በዓይነት ትለያለሽ። ማይክሮስኮፑ ላይ የተገጠመው የመሳያ መስታወት ሕዋሱንና እጄን ባንድ ላይ ስለሚያሳየኝ እርሳሴን በቅርንጫፉ ላይ መንዳት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ከፋብሪካው ሥራ ብዙ አይርቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተሰበረ የማርሽ ጥርስና የተበላ ብሎን ስያለሁ፤ ብረት ቀራጮቹ በስዕሌ አዲሱን ያወጡ ነበር። አንድ ደንብ አለኝ። የሚታየው በደማቅ መስመር ይሳላል። መኖሩ የታወቀ፣ ግን ከሌላ ነገር ጀርባ የተሰወረ በተቆራረጠ መስመር ይሳላል። የማይታወቅ አይሳልም።

ወዳጄ አባትሽ ቢኖር ይስቅብን ነበር። እሱ በግ ሲያርድ ዓይኑን ለድመት ነበር የሚወረውረው።

ተሰማ ወንድዬ


ጅማ፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተሰማ፣

ለእርስዎም ለእትዬ ወርቅነሽም ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ፤ ፈተና እያረምኩ ነበር።

የተረዱት ሁሉ ትክክል ነው። ከሽንኩርቱ በቀር የማርመው የለኝም፤ ሬቲና ከሽንኩርት ልጣጭም ትሳሳለች።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። የተቆራረጠ መስመር ለእኛ አይሆንም። ብሎን ሲሆን ከኋላ ያለው እንዴት እንደሚዞር ያውቃሉ፤ ሕዋስ ሲሆን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ያዩትን ብቻ ይሳሉ። «እዚህ ጋ መኖር አለበት» ብለው አንድ ፀጉር እንኳ እንዳይጨምሩ። እኔ መሳሉን የተውኩት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብቻ አይደለም፤ ማየት የምፈልገውን ስለማይ ነው። እርስዎን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ስለ አቀማመጡ፦ የስላይዱ ወረቀት ሁልጊዜ በግራዎ ይሁን። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያለችው ጭረት የበጉ ግንባር በየት በኩል እንደነበረ ታሳያለች፤ እሷ ወደ ላይ ትሁን። አያዙሩት።

በየትኛው ዓይን ላሉኝ፣ በለመዱት ነው። ቀኙን ከለመዱ በቀኙ ይሥሩ። ከጀመሩ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው አይቀይሩ።

የሰጡኝ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የበግ ሬቲና ሕዋሳት ዝርዝር ሲያልቅ የዶክትሬት ጽሑፌ አለቀ፤ ካላለቀ ሁለተኛ ዕድል የለም። ይህን የምነግርዎ ላስቸኩልዎ አይደለም።

ኡምሀኒ


አቃቂ፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኡምሀኒ፣

ጥምቀትን በሰላም ዋልን። ሣጥን አራትን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ።

አንቺም እንደዚያ ማለትሽ ደስ አሰኘኝ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት ብዬ ሰግቼ ነበር። አዎ፣ ቅርንጫፋቸው በአንድ ወገን ብቻ ነው። መጀመሪያ ያየሁት በስድሳ አንደኛው ስዕል ላይ ነው። ከሕዋሱ ገላ ይነሡና ሁሉም ወደ ቀኝ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በግራ በላይ በኩል ባዶ ነው። ነፋስ የገፋው ዛፍ ይመስላል። ሽፋኑ ተቀዶ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አየሁ፤ አልተቀደደም። በዚህ ሣጥን ከአርባው አሥራ አንዱ እንደዚያ ናቸው። እንዳልሽኝ አንድ ፀጉር አልጨመርኩም።

ስለ ግንባሬ ፕላስተር ሙዓዊያ ነግሮሽ ከሆነ፣ ምንም አይደለም። የወርቅነሽ ሱቅ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ከማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ እንዳላት ታውቂያለሽ። ጠያቂ ስልክ ይዞ ስለማይገባ እሷ ዘንድ ያስቀምጥና ቁጥር ያለበት ካርቶን ይቀበላል። ክዳኑ እዚያው ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ መታኝ። «ቆርቆሮው አልወረደ፣ አንተ አላደግህ፤ ማንን ልክሰስ?» አለችኝ። ደንበኞቿ ሳቁ።

ወደ ከተማ የምሄድበትን ጉዳይ ለጠየቅሽው፣ የጡረታ ወረቀት ነው። የተቀጠርኩት ለመጋቢት ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያባክነኝ።

ተሰማ


ጅማ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ ተሰማ!

ሰላምታውን እንደተሰጠ ይቁጠሩልኝ።

አሥራ አንዱን ስዕል ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ሦስት ቀን አየኋቸው። እስካሁን ከለየኋቸው ከአሥራ ሦስቱ ዓይነት በአንዱም አይገቡም። በአይጥ ሬቲና ውስጥ ቅርንጫፉን ወደ አንድ ወገን የሚዘረጋ ሕዋስ እንዳለ ተጽፏል፤ በበግ ላይ ግን እኔ ያነበብኩት የለም። አሥራ አራተኛ ዓይነት አለን ማለት ነው። «ባለ አንድ ክንፍ» ብዬዋለሁ። አማካሪዬ ስዕሎቹን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ፤ እኚህ ሰው ለፋኩልቲው ዲንም አይነሡም።

ከስላይዱ ጋር አመሳክረሻል ወይ ላሉኝ፣ የእርስዎን እጅ ላመሳክር? የፋብሪካው ሰዎች በእርስዎ ስዕል ብረት ይቆርጡ ነበር።

አሁን የሚያስፈልገኝ ቁጥር ነው። አሥራ አንድ አይበቃም፤ ሃምሳ ቢሆን ማንም አይከራከረኝም። እባክዎ ሣጥን ሰባትን ከፋሲካ በፊት ይላኩልኝ። በመጋቢት ያለውን የጡረታ ጉዳይ ማዘግየት ከቻሉ ያዘግዩልኝ። ውለታዎን አልረሳም።

ኡምሀኒ


አቃቂ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኡምሀኒ፣

ፋሲካ ሳይገባ ሣጥን ሰባት ይኸውልሽ። ስለ ቀጠሮው አታስቢ፤ ለግንቦት አዛውሬዋለሁ።

አዎ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ አራቱ ባለ አንድ ክንፍ ናቸው። በፈለግሽው መጠን እያገኘሁልሽ ነው። ቀለም አነካከሩ ተሻሽሎልሽ ነው ወይስ እኔ ዓይኔ እየለመደ? መጀመሪያ ከሕዋስ ሕዋስ እየፈለግሁ ነበር የማገኛቸው፤ አሁን መስታወቱ ላይ ዓይኔን እንዳሳረፍኩ እነሱ ናቸው።

ወርቅነሽ ይህን ስነግራት ምን አለች መሰለሽ፤ «እኔም ዓይነት እለያለሁ። የሚስት ስልክ አለ፣ የጠበቃ ስልክ አለ፣ የእናት ስልክ አለ። የእናት በጎማ ላስቲክ የታሰረ ነው። ለእኔ ዶክትሬት የሚሰጠኝ ጠፋ እንጂ።» ሰላም በዪልኝ ብላለች።

የምስራቹን ስሰማ ከአንቺ እኩል ደስ ብሎኛል። በስልሳ ሦስት ዓመቴ በመጽሐፍ የሚገባ ነገር እስላለሁ አላልኩም ነበር።

ተሰማ


አቃቂ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኡምሀኒ፣

ደብዳቤሽ ሦስት መስመር ነበር። አሥራ አራተኛውን ባቀረብሽበት ጉባኤ ላይ አጨበጨቡልሽ ብሎ ሙዓዊያ ካበሰረኝ በኋላ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነበር የጠበቅሁት። ይሁን፤ ሥራ በዝቶብሽ ነው።

መልሱ አላዞርኩም ነው። በሣጥን ዘጠኝም ሆነ በሌላ፣ አንድም ስላይድ አዙሬ አላውቅም። ወረቀቱ በግራዬ፣ ጭረቷ ወደ ላይ፤ እንዳዘዝሽኝ። ብሎን ስስል ግራና ቀኝ ብለዋውጥ ማሽኑ ሰው ይቆርጥ ነበር። ይህን ዓይነት ስህተት እኔ አልሠራም።

የላክሻቸውን ሦስቱን እንደገና ስያቸዋለሁ። የፊተኛውን ስዕል ሳላይ ነው የሳልኩት። ዛሬም ክንፋቸው ወደ ቀኝ ወደ ታች ነው። አስተያይተሽ ታገኚዋለሽ።

ሌላ ሰው ይሳላቸው የምትይ ከሆነ ግን ቅር አይለኝም፤ በግልጽ ንገሪኝ።

ተሰማ


ጅማ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተሰማ፣

ይቅር ይበሉኝ። ያለፈው ደብዳቤዬ ለእርስዎ የሚጻፍ ዓይነት አልነበረም። እጅዎን አልተጠራጠርኩም። ሦስቱ ስዕሎች ከቀድሞዎቹ ጋር በመስመር እንኳ አይለያዩም።

ስለ ጽሑፌ የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ፤ ለምን እንዳይሉኝ።

ከግድግዳ ሰዓታችሁ ፊት ለፊት ወንበር አስጠግተው ይቀመጡ። ግራ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑ። በቀኙ ብቻ የሰዓቱን መሃል፣ ቆጣሪዎቹ የተያያዙበትን ነጥብ ይዩ። ከዚያ ነጥብ ዓይንዎን ሳያነሡ የትኞቹ ቁጥሮች እንደሚታዩዎትና የትኞቹ እንደማይታዩዎት ይጻፉልኝ።

ሣጥን አሥራ አንድን አይጀምሩት። ይረፉ።

ኡምሀኒ


አቃቂ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡምሀኒ፣

ሰዓቱን አየሁት። አሥርና አሥራ አንድ የሉም። አሥራ ሁለት ግማሹ አለ። ዘጠኝ ሲመጣ ሲሄድ ነው።

ለምን እንዳልል ብለሽኛል፤ ግን የገባኝ መሰለኝ። ስለዚህ እኔም የደበቅሁትን ልናገር።

የጡረታ ወረቀት አልነበረም። የዓይን ክሊኒክ ነው። የቆርቆሮው ነገር ሲደጋገም ወርቅነሽ ናት ያስመዘገበችኝ። ቀጠሮው መጋቢት ነበር፤ ወደ ግንቦት ያዛወርኩት አንቺ ሣጥን ሰባትን ስላልሽኝ ሳይሆን እኔም መሄዱን ስላልወደድኩት ነው። ግንቦት ላይ ሐኪሟ ግላኮማ አለችኝ። በቀኝ ዓይኔ ብዙ ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንይዛለን አለች። እስከዚያ እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ ብላት፣ ሁለቱን ዓይን ስትገልጥ ግራው የቀኙን ጉድለት ይሸፍንልሃል፣ አንዱን ብቻ ካልተጠቀምክ አታውቀውም አለችኝ። እኔ አንዱን ብቻ ነበር የምጠቀመው። ያን አልነገርኳትም።

የሞቱት ሕዋሳት የትኞቹ ናቸው ብዬ ጠየቅኋት። ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሱት ናቸው አለች። «አውቃቸዋለሁ፣ እስላቸዋለሁ» ልል ነበር፤ አፍሬ ተውኩት።

ለአንቺ ያልነገርኩሽ ጽሑፍሽ እንዲያልቅ ነው። መሃሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ለመሳል የሚያስፈልገው መሃሉ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጥቁር ነገር አይታየኝም እኮ። ባዶ ነው የሚታየኝ፣ ንጹሕ ወረቀት። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ደንቡ አለመሳል ነው።

አሁን አንቺ ንገሪኝ። አሥራ አራተኛው አለ ወይስ የለም?

ተሰማ


ጅማ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተሰማ፣

የለም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አለፈው። አምስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይህ ስድስተኛው ነው። ሁሉንም በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ።

በጉባኤው ማግስት ረዳቴ ማርቲ እያለቀሰች መጣች። ሣጥን ዘጠኝን ስታዘጋጅ ጭረቷን በግንባሩ ፋንታ በአገጩ በኩል አድርጋዋለች፤ ሣጥኑ በሙሉ ተገልብጧል። አታልቅሺ አልኳት፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ክንፉ እውነት በበጉ ዓይን ውስጥ ያለ ነገር ከሆነ በዚያ ሣጥን ላይ ተገልብጦ ወደ ግራ ወደ ላይ ይታያል፤ ጥሩ ማረጋገጫ ነው ብዬ ስዕሎቹን አወጣሁ። ሁሉም ወደ ቀኝ ወደ ታች ነበሩ። እርስዎ ስላይዱን አዙረው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። «አላዞርኩም» ብለው ሲጽፉልኝ ተስፋው አለቀ። ዓይኑ ሲገለበጥ የማይገለበጥ ክንፍ የበጉ አይደለም። የሚያየው ሰው ነው።

ከዚያ ስላይዶቹን ራሴ በመምህሮቻችን ማይክሮስኮፕ አየሁ። ቅርንጫፎቹ አሉ፤ በግራ በላይ በኩል ሞልተዋል። ይህን ከአንድ ዓመት በፊት ማየት እችል ነበር። አመሳክረሻል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ቀለድኩብዎ። እርስዎን ስለማምን ነው ብዬ ነበር። ማመን አልነበረም፤ መፈለግ ነው።

ስዕሎቹን በቀናቸው ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ናቸው። በስድሳ አንደኛው ሦስት ቅርንጫፍ ይጎድላል። በሰማንያኛው አምስት። በመቶ ሃያኛው ሩቡ የለም። በመጨረሻዎቹ ግማሹ የለም። ሐኪም በመሣሪያ የሚለካውን እርስዎ በእጅዎ እየሳሉ፣ ቀን እየጻፉበት ለእኔ ይልኩልኝ ነበር። ያ በሽታ የሚገድላቸው እኔ የምዘረዝራቸውን ሕዋሳት ነው። በዚህ ከተማ ስዕሎቹን አይቶ «ይህ ሰው ዓይኑን ያሳይ» ማለት የነበረበት አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ጠብታው ያኔ ቢጀመር ብዙ ያተርፍ ነበር። እኔ ግን ስም አወጣሁለት፤ ከፋሲካ በፊት ይጨምሩልኝ አልኩ።

ስለ ጽሑፌ፦ ከስድሳ አንደኛው ወዲህ ያለው ስዕል ሁሉ ከዝርዝሩ ወጥቷል። በቀሩት ስድሳ ስዕሎች አሥራ ሦስት ዓይነት አይቆምም፤ ስድስት ቢቆም ነው። ጊዜዬ በሰኔ ያልቃል፤ መራዘሚያ ጠይቄ አልተፈቀደልኝም። በጉባኤው ያቀረብኩትን እንዳነሣሁ ጽፌያለሁ። ምክንያቱን መጀመሪያ «የአሳሳል ስህተት» ብዬ ነበር። ሰርዤ «የእኔ ስህተት» አልኩ።

ስዕሎቹን ከነስላይድ ሣጥኖቻቸው ከዚህ ጋር ልኬያቸዋለሁ። ለሐኪሟ ያሳዩአቸው፤ ምናልባት ይረዷት ይሆናል።

ይቅር ይበሉኝ።

ኡምሀኒ


አቃቂ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡምሀኒ፣

እጁ የወርቅነሽ ነው፤ ቃሉ የእኔ። ያዘገየኝ ሌላ ነገር ነው እንጂ ቁጣ አይደለም።

አልተቆጣሁም። ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልለሽ ለራስሽ አትውሰጂ፤ ለእኔም ተይልኝ። ግንቦት ላይ ከተነገረኝ በኋላ አምስት ወር ስያለሁ።

ስዕሎቹን ለሐኪሟ አሳየኋት። ወረፋው ውጭ እየጠበቀ እሷ አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። «አሁን አይጠቅሙንም» አለች። መልሼ ጠቀለልኳቸው። ግራው ዓይኔም ጀምሯል። ጠብታውን ጨምራልኛለች፤ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም ብላለች።

ቀኑን እንዴት እንደምውል ለጠየቅሽኝ፣ ሱቅ ነኝ። ስልክ እቀበላለሁ። በሱቁ ደብዛዛ ብርሃን ቁጥሩን ስለማላነብ ወርቅነሽ ካርቶኖቹን በመቀስ ጠርዛቸውን ቆርጣልኛለች፤ ለአንድ አንድ ጥርስ፣ ለሁለት ሁለት ጥርስ። በጣቴ አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ጠበቃ ስልክ ለአንዲት እናት ሰጠሁ። መለሰችልኝ፤ «አባባ፣ እኔ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖረኝ ልጄ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ማይክሮስኮፑንና አሥራ አንዱንም ሣጥን ሙዓዊያ ወስዷል። ከመጫኑ በፊት ግን አንድ ስዕል ሠርቻለሁ፤ በስዕል መያዣው ቱቦ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የስድሳ አንደኛው ሕዋስ ነው። ያየሁትን በደማቅ መስመር ሳልኩት። በባዶው በኩል ደግሞ ወርቅነሽ በመስታወቱ እያየች፣ እጄን ይዛ «እዚህ አለ፣ እዚህም አለ» ስትለኝ በተቆራረጠ መስመር አስገባሁት። ደንብሽን አፍርሻለሁ። ግን መኖሩ ታውቋል፣ የተሰወረው ከእኔ ነው፤ በእኔ ደንብ እንዲህ ያለው በተቆራረጠ ይሳላል። አስተያይተሽ የተቆራረጠው ስንቱ እንደተገኘ ጻፊልኝ።

ከዚህ በኋላ አልስልም።

ተሰማ

ኡምሀኒ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ የወርቅነሽ ነው፤ አላነበብኩለትም። እኔ በዚያ ነገር ውስጥ አይቼ ጥቁር እሾህ ነው የታየኝ። ቅርንጫፍ ይሁን የራሴ ሽፋሽፍት ይሁን አልለየሁም። «አለ?» ይለኛል፤ «አለ» እለዋለሁ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲህ ስንል ዋልን። የለም ብለው ኖሮ እስካሁን እዚያው ቆሞ ነበር። የተቆራረጠውን ከቁም ነገር አትቁጠሪው፤ እጁን ወደመጣልኝ ነው የጎተትኩት። መልስሽን የማነብለት እኔ ነኝ። እያየሽ ጻፊ።


ጅማ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተሰማ፣

ለእርስዎም ለእትዬ ወርቅነሽም ሰላምታዬ ይድረስ። ማይክሮስኮፑና ሣጥኖቹ በደህና ደርሰውኛል። ሙዓዊያ «ተሳፋሪሽ መልሶም አልከፈለም» ብሎኛል።

አዎ፣ በሰኔ ያበቃል። ለከርሞ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ላስተምር ተመድቤያለሁ፤ ከዚህ በፊትም የማስተምረው እነሱኑ ነበር። ስድስቱን ዓይነት ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የሚጠይቀኝ የለም።

ስዕሉን ከስላይዱ ጋር አመሳከርኩት። ደማቅ መስመሮቹ ሃያ ሁለት ናቸው። ሃያ ሁለቱም በስላይዱ ላይ አሉ፤ ያለቦታው የሄደ አንድም የለም። ከዚያ የቀሩትን በእጄ ካለው ቅጂ አወጣሁና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁሉንም አመሳከርኩ። በሁለት መቶ አሥራ ስምንቱ ላይ የጎደለ ብዙ ነው። የሌለ ነገር የሳሉበት ግን አንድም አላገኘሁም።

ስለ ተቆራረጡት ጠይቀውኛል። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ የተሰወረው በተቆራረጠ መስመር ይሳላል ብለውኝ ነበር። እንደዚያው አንብቤያቸዋለሁ።

ኡምሀኒ